የቀጭኔው አፎት

እስቲ መልሱልኝ፦ ቢላ ሰው ሲቆርጥ ተጠያቂው ማን ነው? የያዘው እጅ? የሳለው ድንጋይ? ወይስ ለቢላው ልብስ የሰፋችለት ሴት? አትቸኩሉ። የቸኮለ ሰው አለ። ቸኩሎ ፈረደ፤ ፍርዱን በኮምፒዩተር አስጻፈ፤ ማህተም አስመታበትና ሁለት መቶ ሠራተኛ በሚያልፍበት የቄራው ኮሪደር ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ፍርዱ አፎት ሠሪዋ ዘንድ የደረሰው በማግስቱ ጠዋት፣ ሁለት እጆቿ እርጥብ ቆዳ ላይ ሳሉ ነው።

እርጥብ ቆዳ ሰው አይጠብቅም። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ወፍራም ቆዳ ውሃ ውስጥ ይነከርና አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ይወጣል። ጠፈፍ ሲል በላስቲክ የተጠቀለለ ቢላ ላይ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት የሠሪው ናት፤ በአውራ ጣትና በለሰለሰች የአጥንት ቁራጭ እየተጫነ የስለቱን ጀርባ፣ የእጀታውን ወገብ፣ እጀታውን የያዙትን የነሐስ ችንካሮች ራስ ሳይቀር ቆዳው ላይ ያወጣዋል። ቆዳው ሲደርቅ ያንን መልክ ይይዛል፤ እስኪበጣጠስም አይለቅም። ስለዚህ ታናሽ እህቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ሠሪዋ ቀና አላለችም።

"በሩን ዝጊው፤ ንፋሱ ያደርቅብኛል።"

"እትዬ፣ አንዴ ተይውና ስሚኝ።"

"ጆሮዬ ሥራ አልያዘም፤ ተናገሪ።"

ታናሽየዋ የቄራው ግዥ ክፍል ጸሐፊ ናት። ሥራ ከመግባቷ በፊት በዚህ በኩል አልፋ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ታክሲ ቀይራ መጥታለች። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ዘረጋችው፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"'ባለፈው ሐሙስ በአንድ ሥጋ ቆራጭ ሠራተኛ ላይ የደረሰው የጭን መቁሰል አደጋ፣ ቢላው የነበረበት በእጅ የተሰፋ የቆዳ አፎት በጥራት ጉድለት በመቀደዱ የተከሰተ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ የዚህችው ሠሪ ሥራ በግቢው ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል።'"

"የየትኛዋ ሠሪ?"

"ስምሽ የለበትም።"

"ለዚያ ቄራ አፎት የሚሰፋ ሌላ ሰው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ስሜ አለበት።" አጥንቷን በእጀታው መታጠፊያ ላይ አሻግራ ጫነች። "ማነው የተቆረጠው?"

"ጋሽ ቀጭኔ።"

እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

ለዚያ ቄራ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስልሳ አራት አፎት ሰፍታለች። ስልሳ ሦስቱ ልሙጥ ናቸው፤ ቁጥርና ከቁጥሩ ሥር አባቷ የተወላት ማህተም፣ በመዶሻ የምትመታ፣ በትንሽ ወስፌ ቅርጽ የተቀረጸች ብረት፣ አርፋባቸዋለች። ሠራተኞቹ እሷንም 'ወስፌ' ብለው ይጠሯታል። ለማህተሟ ነው ይላሉ፤ ምላሷን የቀመሰ ሰው ግን በማህተም አያሳብብም። የቀረው አንድ አፎት ዘንግ የሚያህል የአንድ ቆራጭ ንብረት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ደጇ ላይ ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ "ሰው ከኋላዬ ሆኖ ቀጭኔ እያለ ከሚስቅ ከፊቴ ሆኖ ይሳቅ፤ ቀጭኔ ቅረጪልኝ" አላት። ቀጭኔ አይታ አታውቅም። ከልጆች የትምህርት መጽሐፍ ላይ ቀድታ ቀረጸችለት፤ እግሯ አጠረባት። እሱ አገላብጦ አየና "ይቺማ አንገት ያወጣች ፍየል ናት" አለ። ሁለተኛው ተሳካ፤ ሰኮናዋ በስለቱ ጫፍ፣ አንገቷ በአፎቱ ቁመት ልክ፣ ሁለት ቀንዶቿ ቀበቶው ማንጠልጠያ ሥር። ያንን አፎት የማያውቅ ሠራተኛ በግቢው የለም።

"ማነው ይኼን የጻፈው?"

"ኃላፊያችን።"

"በጣቱ?"

ታናሽየዋ ወረቀቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። "በእኔ ጣት። ምን ላድርግ እትዬ? እሱ ይላል፣ እኔ እመታለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ።"

"ፊደል አልገደፍሽም?"

"አልገደፍኩም።"

"ጎበዝ። አባታችን በከንቱ አላስተማረሽም።"

ታናሽየዋ ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ግን አልወጣችም። ሠሪዋም ሥራዋን አልተወችም። ተናዳ እንኳ ቆዳ አታበላሽም። የችንካሮቹን ራስ አንድ በአንድ በጥፍሯ ጀርባ ከባ አወጣቻቸው፤ አፎቱን በገመድ አስራ መስኮቱ ሥር ሰቀለችው። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ስሚ። እሄዳለሁ፣ አፎቱን አያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ከዚያ ወረቀት ሥር ራሴ እፈርማለሁ፤ ሰው አይለምነኝም።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ የሚፈርም ሌላ ሰው አለ።"

"እትዬ፣ በእናታችን፣ ነገር አታብዢ። ትንሽ ቀን ታግሰሽ..."

"ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ።"

ሻንጣዋ ውስጥ የናሙናውን ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ ከተተች። ይህ ቢላ ከቄራው ነው፤ መጀመሪያ ሲያዟት ቆዳውን እንድታለብስበት የሰጧት፣ ስልሳ አራቱም አፎቶች በላዩ የተወለዱበት። የእንጨት መዶሻዋንና ማህተሟንም ጨመረች። እፈርማለሁ ያለችው ለወሬ አልነበረም።

መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትመረምር ሄደች። ክሩ አሮጌ ነበር? ሰሙ አንሶት ነበር? ያን ሰሞን አባቷ ታሞ ነበር፤ ሌሊት ሲያስለው አድሮ ቀን እንቅልፍ እያዳፋት የሰፋችው ይሆን? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የተከሰሰችው ሴት በእግሯ እየሄደች ጥፋቷን ትፈልጋለች፤ የከሰሳት ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። 'ተረጋግጧል' የሚለውን ቃል የጻፈው ግን እሱ ነው።

ቀጭኔ የተከራየው አንድ ክፍል ነው። አልጋው ስላጠረው እግሮቹ በብረቱ መሃል አልፈው ወንበር ላይ አርፈዋል። የቀኝ ጭኑ ከጉልበቱ በላይ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ወስፌ መጣች!" አለ ሚስቱን። "ወንበር ስጫት። አይ፣ ወንበሩ ላይ እግሬ አለ፤ ባልዲውን ገልብጪላት።"

"ስንት ስፌት ነው?"

"አሥራ አራት።"

"ማን ሰፋው?"

"አንዲት ልጅ የምትመስል ሐኪም። እጇ ፈጣን ነው።"

"ክሩን ሰም አስነክታዋለች?"

ቀጭኔ ሳቀ፤ ሲስቅ ጭኑ አመመውና ፊቱን አኮማተረ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ከአልጋው ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር አውጥታ ሠሪዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው። "ልጥለው ነበር፤ 'ከእኔ ጋር ጣይው' አለኝ።"

ሠሪዋ ቋጠሮውን ፈታች። ደሙ ጠቁሮ ደርቋል። የቀጭኔዋ ሆድ አካባቢ፣ በስፌቱ ጠርዝ በኩል፣ አራት ጣት የሚያክል ቦታ ተከፍቷል። ወደ በሩ ብርሃን ዞረች። ከሁለቱ ገጾች መሃል፣ ስለቱ በሚተኛበት ጠርዝ፣ እሷ 'አጥር' የምትላት ሦስተኛ ጠባብ ቆዳ ትገባለች። ስለቱ ክሩ ጋ እንዳይደርስ የምትከለክለው አጥሯ ናት። ብዙ ሠሪ ቆዳ ለመቆጠብ ይተዋታል፤ አባቷ ግን ያለ አጥር የተሰፋ አፎት ካየ በመቀስ ሰንጥቆ ይጥለው ነበር። አጥሯ በቦታዋ አለች። ግን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ሰያፍ፣ ተልጣለች፤ ከሥሯ ያሉት ክሮችም እንደ ጸጉር ተላጭተዋል። ያልተላጩትን በጥርሷ ነክሳ ሳበቻቸው። አልነቃነቁም።

እፎይ ልትል ነበር። ከዚያ የአፎቱን አፍ በጣቷ ዳሰሰች። ልፍስፍስ ብሏል፤ ሰፍቷል። አሸተተችው።

"ይኼን ማነው ሞራ የቀባው?"

ቀጭኔ ጣራውን ማየት ጀመረ።

"ጋሼ፣ አንተን ነው።"

"እኔ ነኝ።"

"የሠራሁትን ቆዳ በሞራ ታጥበዋለህ? ሕፃን ነው ወይ የምታሸው?"

"አልገባ አለኛ!"

"ምኑ?"

"ቢላው።"

"ሰባት ዓመት ሲገባ የኖረ ቢላ?"

"አዲሱ ቢላ ነዋ።" ቀና አለ። "አልነገሩሽም እንዴ?"

አልነገሯትም። ከሦስት ሳምንት በፊት የሁሉም ቆራጭ ቢላ ተሰብስቦ አዲስ ተሰጠ፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ እጀታ፣ ስለቱ ከአሮጌው አንድ ጣት የሚሰፋ። ቆራጮቹ 'አፎቱስ?' ብለው ጠየቁ። የግዥ ኃላፊው ራሱ፣ ነጭ ጋውን ደርቦ፣ ወደ መቁረጫው ክፍል ወርዶ መለሰላቸው።

"ምን ብሎ?"

"'ቢላ ቢላ ነው፤ ባለው ክተቱት' አለ። ስልሳ ሰው ሰምቶታል። ከዚያ አንዱ ሞራ ቢቀባው እሺ አለው፤ ሁላችንም ቀባን። ሐሙስ ዕለት በሬ ላወርድ ጎንበስ ስል ወገቤ ላይ ያለው ነገር ወደ ውጭ ሲወጣ ተሰማኝ። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ የፈሰሰብኝ ነው የመሰለኝ።"

"ይኼን ለኃላፊው አልነገርከውም?"

"ሆስፒታል መጥቶ ነበር። ብርቱካን ይዞ። አንድ ወረቀት አስፈረመኝ፤ 'አፎቱ ተቀደደ' ይላል። ተቀዷል እኮ፤ ውሸት አይደለም።"

"ለምን እንደተቀደደ ይላል?"

"እሱን... አይልም።"

ሠሪዋ ከባልዲው ላይ ተነሳች። ክፍሉ ለንዴቷ ጠበበ፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ግድግዳ መለሳት።

"አንተ ቁመት ብቻ! አንድ ቀን መጥተህ በሬን ብታንኳኳ ምን ትሆን ነበር? በሦስት ቀን ሌላ እሰፋልህ አልነበር? ጭንህን ለሞራ ከምትሰጥ!"

"አፈርኩ።"

"ምን ያሳፍራል?"

ቀጭኔ የፋሻውን ጫፍ በጣቱ ማጠፍ ጀመረ። "አዲስ ሲሠራ ቀጭኔዋ ትቀርብኛለች ብዬ ነው። 'አሁን ሸምግለሃል፣ ሥዕል ምን ያደርግልሃል' ትይኛለሽ ብዬ።"

ሠሪዋ የቀጭኔዋን አንገት በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ከዚያ፣ "ዛሬ ሰዎቹ ቢላውን በምን ይዘውታል? አፎቱ ተከልክሏል አይደል" አለች።

"በጨርቅ ጠቅልለው ቦት ጫማቸው ውስጥ ነው አሉ።"

ቦት ጫማ ውስጥ። ስልሳ ሦስት ራቁት ቢላ፣ በስልሳ ሦስት ቅልጥም አጠገብ፣ እርጥብ ወለል ላይ። ለዚህ ደግሞ ማስታወቂያ የለጠፈ የለም።

"አፎቱን ስጠኝ።"

"ትመልሺልኛለሽ?"

"እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ሄዳ ትመስክር።"

የቄራው በር ጠባቂ ከሩቅ አያት። ቢላውን ከጨርቁ አውጥታ ለምርመራ ስታሳየው እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

"ወስፌ፣ ታጥቀሽ መጣሽ? እኔ ልጆች አሉኝ!"

"ለአንተ መርፌ ይበቃሃል። ኃላፊው አለ?"

"አለ። ግን 'እሷ ከመጣች' ብሎ... ስሚ፣ እኔ አላየሁሽም። ምሳ እየበላሁ ነበር።"

"ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው።"

"ቀድሜ እርቦኝ ነበር።"

የግዥ ኃላፊው ሰው የሚጠላው ዓይነት ሰው አይደለም። ጫማው ንጹሕ ነው፤ የሠራተኛ ልቅሶ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጽፎ የሚለጥፈው። ሠሪዋ ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር አሳያት።

"ግቢ ግቢ፣ ቁጭ በይ። ስለ ማስታወቂያው ከሆነ አንቺ በግል እንዳትወስጂው፤ ስምሽን እንኳ..."

"አንቺ ለመባባል አብረን አላደግንም።"

ሰውየው ወንበሩን ትንሽ ወደ እሷ ገፋ። "ይቅርታ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጠችም። አፎቱን ከላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኃላፊው ደም የነካው ነገር እንዳይነካካቸው ወረቀቶቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"እዚህ ጋ በጣትዎ ይዳስሱ።"

"አይ፣ ከዚህ ይታየኛል።"

"ሁለት እብጠቶች አሉ። የአሮጌው ቢላ ችንካሮች ናቸው፤ እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። ይህ አፎት የተሰፋው ለዚያ ቢላ ነው። ጋሽ ቀጭኔን የቆረጠው ቢላ ስንት ችንካር አለው?"

"እኔ የቴክኒክ ሰው አይደለሁም።"

"ማስታወቂያው 'ተረጋግጧል' ይላል። የቴክኒክ ሰው ካልሆኑ ማን አረጋገጠልዎ?"

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ድምፁም ከበሩ ጋር ዝቅ ብሏል። "እንነጋገር፤ እንደ ትልቅ ሰው። ለአዲሶቹ ቢላዎች አዲስ አፎት ያስፈልገናል። ለሁሉም። ሥራው የእርስዎ ይሆናል፤ በዚህ ሳምንት ትዕዛዙን እፈርማለሁ። ማስታወቂያው ደግሞ ነገ ጠዋት ይነሳል። አለቀ።"

"ይነሳል ወይስ ይታረማል?"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ልዩነቱ ምንድን ነው! ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ስንቱን ታውቃላችሁ? በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ የሚል፤ በማይክሮፎን ከስሶ በሹክሹክታ የሚታረቅ፤ ሰው ሁሉ ያነበበውን ወረቀት ሰው ሳይኖር ቀስ አድርጎ ነቅሎ 'አለቀ' የሚል። ወረቀቱ ይነቀላል፤ ያነበቡትን ሁለት መቶ ሰዎችስ ማን ይነቅላቸዋል? ከአንድ ዓመት በኋላ አንዱ በሌላው ጆሮ 'ያቺ አፎቷ ሰው ያስቆረጠች ሴትዮ' ይላል፤ ማንም አያርመውም፤ ማረሚያው አልተለጠፈማ።

ሠሪዋ አልተፈተነችም ብዬ አልዋሻችሁም። ስልሳ አራት አፎት የግማሽ ዓመት ሥራ ነው። የሱቋ ጣራ ያፈሳል። ለአፍታ ያህል፣ አዲሱን ሰፊ ስለት በዓይነ ህሊናዋ ዘርግታ አጥሩን የት እንደምታስገባ ስታሰላ ራሷን አገኘችው። ኃላፊው ዝምታዋን አየ፤ መስማማት መሰለው። ስለዚህ አንድ ቃል ጨመረ።

"ደግሞ እህትዎ እዚሁ አብራን ነው የምትሠራው። ነገሩን ባናከረው ለሁላችንም ጥሩ ነው።"

"እህቴን ለምን አነሷት?"

"እንዲሁ ነው።"

"እኔ ቆዳ ሠሪ ነኝ። እንዲሁ የተነካ ቆዳ አይቼ አላውቅም፤ ጥፍር ያረፈበት ሁሉ ምልክቱ ይቀራል።" አፎቱን አነሳች። "ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፈረቃው ሲቀየር እታች ኮሪደሩ ላይ ነኝ።"

ከቢሮው ውጭ ታናሽ እህቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሁለቱ ተያዩ። ታናሽየዋ ከንፈሯን ብቻ እንደ ልመና አንቀሳቀሰች። ታላቅየዋ አለፈች።

ደወሉ ተደወለ። ከመቁረጫው ክፍል የሚወጡትና የሚገቡት ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ፤ የጎማ ጫማ ጩኸት፣ የሳሙና ሽታ፣ ሳል። ሠሪዋ በመስታወት ሣጥኑ አጠገብ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቆማለች። 'በርሜሉ' የሚሉት ወፍራም ቆራጭ ቀድሞ አያት።

"ወስፌ! አፎትሽ አስጨረሰን እኮ! እኔ ዛሬ እንደ ዝንጀሮ እግሬን አንፈርክኬ ነው የምሄደው፤ ቢላው ቁርጭምጭሚቴን እየላጠው።"

"ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምትሄደው፣ ጋሽ በርሜሉ።" አንዲት ሴት ቆራጭ ናት፤ ኮሪደሩ ሳቀ።

"አፎቴ ነው ያስጨረሳችሁ?" አለች ሠሪዋ። "እንየው።"

የቀጭኔውን አፎት ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ያውቁታል፤ ደሙንም አዩት። ከጨርቁ ውስጥ የናሙናውን አሮጌ ቢላ አወጣች፤ ጫፉን አፎቱ አፍ ላይ አኖረችና ለቀቀችው። ሞራ ያላላው፣ ጎኑ የተሰነጠቀው ቆዳ ቢላውን እስከ እጀታው ወገብ ዋጠው፤ ሁለቱ ችንካሮች ሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ 'ጠቅ' ብለው ተቀመጡ። ገልብጣ ነቀነቀችው። አልወደቀም።

"ጋሽ በርሜሉ፣ የአንተን አምጣ።"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከጫማው ውስጥ የተጠቀለለውን ሰማያዊ እጀታ አወጣ። አሮጌውን ነቅላ አፎቱን ሰጠችው። ከተተ፤ ውስጡ በደረቀ ደም ስለጠነከረ ቢላው ሲሶው ላይ ቆመ።

"ግፋው።"

"አይገባም።"

"ግፋው እንጂ። ቢላ ቢላ አይደለም እንዴ?"

"አይገባም አልኩሽ።"

"ሞራ ላምጣልህ?"

ማንም አልሳቀም። ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ መሬት መሬቱን አየ፤ አንዳንዱ ወገቡን ዳሰሰ። ይህ የሁሉም ገመና ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን አፎት በራሱ እጅ አልፍስፍሶ ዝም ብሏል። ሴቲቱ ቆራጭ ናት ቀድማ የተናገረችው፤ "እኛማ ጠይቀን ነበር። ጠይቀን ነበር እኮ።"

"ማንን?"

መልሱ ከደረጃው ራስ መጣ። "ምንድን ነው ይኼ ስብሰባ?" ኃላፊው ነው፤ ጋውኑን እየቆለፈ። "ፈረቃ የለም ዛሬ? ሥራ የላችሁም?" ማንም አልተነቃነቀም። ወደ ኋላው ዞረ። "አንቺ! ቁልፉን ይዘሽ ውረጂ። ያንን ወረቀት አንሺው፤ ይኸው፣ ይነሳ! ለዚህ ከሆነ ይነሳ፣ በቃ!"

ታናሽ እህት ወረደች። የቁልፉን ቀዳዳ ሁለቴ ስታ በሦስተኛው ከፈተች። መስታወቱ ተሳበ። እጇ ወደ ወረቀቱ ሄደ፤ አራት ጥግ አራት መርፌ፣ ራሷ የሰካቻቸው። እጇ እዚያው አየር ላይ ቆየ። ራሷ የተየበችውን፣ አንድ ፊደል ያልገደፈችበትን ጽሑፍ አነበበችው። ከዚያ እጇን መልሳ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

"እትዬ" አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "መዶሻሽን ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"

"ቦታ አለ። ከማህተሙ ሥር።"

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ኃላፊው ከደረጃው። "አንሺው ነው ያልኩሽ!"

ታናሽየዋ ከሣጥኑ ፊት ገለል አለች፤ ሁለት እርምጃ ብቻ፣ ለታላቋ የሚበቃ።

ሠሪዋ የማህተሟን ብረት ወረቀቱ ላይ አቆመች፣ ከ'ተከልክሏል' ሥር። አንድ ጊዜ መታችው። ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄደ። ብረቱን ስታነሳ ወረቀቱን በስቶ ከጀርባው ያለው ጣውላ ላይ የታተመ ትንሽ ወስፌ ቀረ። ወረቀቱ ቢነሳ እንኳ ጣውላው ላይ ይኖራል።

"ስሜን አልጻፉልኝም ነበር፤ ጻፍኩት" አለች ወደ ደረጃው ቀና ብላ። "አፎቱ የእኔ ነው። ስፌቱም፣ አጥሩም፣ ቀጭኔዋም የእኔ ናቸው። እጠየቅበታለሁ። አሁን ከጎኔ አንድ ሰው የሚፈርምበት ቦታ ቀርቷል።"

"ቢሮ እንነጋገር" አለ ኃላፊው። ጆሮው ቀልቷል። "ነገ ጠዋት..."

"ቢሮ አልገባም። ነገም አልመጣም። ጋሽ ቀጭኔ ባጠረው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ እነዚህ ሰዎች ቢላ በቦት ጫማ ይዘው ቆመዋል፤ እህቴን አስፈራርተዋል። 'ቢላ ቢላ ነው፤ ባለው ክተቱት' ብሎ ያዘዘ ሰው አለ፤ ስልሳ ጆሮ ሰምቶታል።" መዶሻውን አዙራ እጀታውን ወደ እሱ ዘረጋችለት። "ማነው? እዚሁ፣ እነሱ ፊት፣ ጮክ ብለው ይመልሱ!"